ቅቤ ከተቀቡ በኋላ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጫሞ በኩል ደመና መጥቶ ጥቂት አካፋና አባራ፤ አሁን የሚንጠባጠበው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ቤት ያለነው ሦስት ነን። እናትህ እማማ በለጥሽ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጄ ኢያኤል ልብስ ታጥፋለች፤ እኔ ብርሃን ፍለጋ ደጃፉ ላይ ሆኜ እጽፍልሃለሁ።

ወንድሜ እንድሪያስ፣ ባለህበት አገር ሁሉ ክፉ ነገር ከደጅህ ይራቅ፤ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን መስቀልን በደኅና አሳልፈናል። የሟች ወንድምህ የተክለወልድ ዝክርም አልታጎለም።

ስልኩን ትተን በወረቀት እንጻጻፍ ማለትህ ጥሩ ሆነ። ባለፈው ድምፅህን ሲሰሙ እማማ "ልጄን እዚህ ውስጥ ማን ከተተው?" ብለው ስልኩን በድንጋይ ሊፈለፍሉት ነበር። ኢያኤል ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሃለች፤ አንተም እንዲሁ አድርግ።

ከደቡብ አፍሪካ በሰው የላክኸው የአበባ ዘይት ደርሶናል። ሽታው የሸመገለ ሰው ያረጋጋል ባልኸው መሠረት ማታ ትራሳቸው ላይ ሁለት ጠብታ አደረግንበት። እማማ አሸተቱ፣ ቀጥ ብለው ተነሡና "ዕቃ አውጡ!" አሉ። ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ የኢያኤልን ዲግሪ ሳይቀር እየተሸከሙ ግቢ ውስጥ ከመሩት። "ምግቡን ሸፍኑ፣ የወባ ርጭት ሰዎች መጡ!" ሲሉ ነው ነገሩ የገባን። ዘይቱ ድሮ ግድግዳ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት አስታውሷቸዋል ማለት ነው። ኢያኤል "አያቴ፣ ሰዎቹ ሄደዋል፤ እንግባ" ብትላቸው፣ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ ግድግዳው መች ደረቀ?" አሏት። በልቤ ሳቅሁ፤ ግን ዕቃውን ሁሉ መልሰን እስክናስገባ ወገባችን ተቆረጠ።

ችግራቸው ያው ነው። ቀን ደኅና ይውላሉ። ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ተነሥተው በሩን ይደበድባሉ። "ሰው አይመጣም ወይ? ቀኑ መሸ እኮ!" ይላሉ። ማን እንደሚመጣ ብንጠይቃቸው አይነግሩንም። አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቷል፤ የሚናገሩት ጋሞኛ ብቻ ነው። እጃቸውን ስይዝ ይመቱኛል።

ስለ አዲስ አበባው መጦሪያ የጻፍኸውን አንብቤዋለሁ። መልሱን ትንሽ ታገሠኝ።

የወንድምህ ሚስት ሻሺቱ


ፕሪቶሪያ አጠገብ
ጥቅምት 8 ቀን 2017

ለእቴ ሻሺቱ፣

በፍቅርና በአክብሮት እንደምን ሰነበትሽ? ኢያኤልስ? ሥራ ይቅናት። እኔ ጤና ነኝ። መልሴ የዘገየው ሱቁ ስለበዛብኝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው። ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ላይ ለቅመሽ ተማርሽ እያለ ወንድሜ ሲያሾፍብሽ አስታውሳለሁ፤ ዛሬ የጽሕፈትሽ ጥራት ከእኔ ይበልጣል።

የወባውን ርጭት ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘይቱን የመከረችኝ ከሱቄ ዳቦ የምትገዛ ሴት ናት፤ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የሆነውን ብነግራት ራሷን ያዘች። "ዘይቱማ ለእኛዎቹ አሮጊቶች ነው፤ እነሱ ያደጉት በእሱ ሽታ ነው። የእናትህ ጥሩ ቀን ምን ምን ይሸት ነበር?" አለችኝ። እናቴን ጥያት የሄድሁት ልጅ ሆኜ አይደለም፤ ግን አላውቅም። አንቺ ፈልጊው። ደግሞ አትከራከሯት፣ አትያዟት፣ ሲመሽባት መብራት ቀድማችሁ አብሩላት ብላለች።

አሁን የምጽፈውን በቅሬታ አታንብቢው። እዚያው ያለው የልጅነት ጓደኛዬ ደግነት ነግሮኛል። ወደ ሥራ ስትወጡ እማዬን ከውጭ ትቆልፉባታላችሁ። አንቺ አልጻፍሽልኝም። እኔ ሌባ ፈርቼ ቀኑን ሙሉ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኜ ነው ዕቃ የምሸጠው፤ መቆለፍ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እናቴ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም። ደግነት አዲስ አበባ አልጋ ይዞላታል። የአውሮፕላን ትኬቷም ለሰኞ ኅዳር 16 ተቆርጧል። እስከዚያ ከተረጋጋች እኔው እሰርዘዋለሁ። ካልተረጋጋች ይዟት ይሄዳል።

ስሜን ትጠራለች ወይ? ባለፈውም ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

እንድሪያስ


ሲቀላ
ኅዳር 1 ቀን 2017

ለወንድሜ እንድሪያስ፣

እሑድ ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከቅዳሴ መጥቼ ነው የምጽፍልህ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰላም ለአንተም ይትረፍ።

አዎ፣ እቆልፋለሁ። ሰኔ ላይ ብቻቸውን ወጥተው መናኸሪያ ደረሱ። ሾፌሮቹን "ወደ ዶኮ፣ ወደ ደጋው አገሬ አውጡኝ" እያሉ ሲለምኑ ሚኒባስ ሊድጣቸው ነበር፤ አንዱ ረዳት ጎትቶ አተረፋቸው። ሙዝ ካልሸጥሁ ቤቱ አይቆምም፤ ኢያኤልም ሥራ ፍለጋ ትወጣለች። ጓጉንቸሩን የገዛሁት ያን ዕለት ነው። ሳልጽፍልህ የቀረሁት አፍሬ ነው።

ያች ዳቦ ገዢ የጠየቀችውን ጥያቄ ግን ያዝሁት። መጀመሪያ ራሳቸውን እማማን "ምን ምን ሲሸት ደስ ይልዎታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "አሞሻል እንዴ?" አሉኝ። ጥጥ አምጥቼ ጭናቸው ላይ አኖርሁ፤ እንዝርት ሳይዙ በጣታቸው ብቻ ጎትተው ጎትተው አቀጠኑት፤ ጥቂት ሰዓት በእሱ ተጠመዱ። የእንሰት ቅጠልም አመጣሁ፤ እሱን ደግሞ ዕቃ ጠቀለሉበት። ጥሩ ነበር፤ ግን ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ያው በሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት የደጋ ሴቶች በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ተሸክመው በደጃችን ሲያልፉ የእማማ አፍንጫ ተከተላቸው። አንገታቸውን አውጥተው ሴቶቹ በጥጉ እስኪታጠፉ ድረስ ሽታውን ሲስቡት አየሁ። ትናንት ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሳባ ከምትባል የዶኮ ቅቤ ነጋዴ ገዛሁ። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ቅቤ ረክሷል። ማታ ጸጉራቸውን ፈትቼ ግንባራቸው ላይ እስኪወርድ ቀባኋቸው። እኔ የምዕራብ ዓባያ ልጅ ነኝ፤ ለእኛ ለቆላዎቹ ቅቤ ለወጥና ለራስ ምታት ነው።

ምን ልበልህ! ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉሮሯቸው ውስጥ የማላውቀውን ዜማ አንጎራጎሩ። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ልክ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው። እኔን አልመቱኝም፤ ጉንጬን ዳበሱኝ። ሌሊቱን አንዴም ሳይነሡ ተኙ።

ትኬቱን አሁን ሰርዝ አልልህም። ተስፋ አድርግ ግን እልሃለሁ።

ሻሺቱ


ኅዳር 4 ቀን 2017

ሻሺቱ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ እያነበብሁ ሳለሁ ደግነት ደወለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊጠይቃችሁ መጥቶ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ከደጃችሁ ተሰብስቧል። እማዬ ቅቤው በፊቷ እየወረደ በሩን በሙቀጫ ዘነዘና እየደበደበች፣ አንቺ ጥግ ይዘሽ እያለቀስሽ። ክንዷ ደምቷል። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም።

አንቺን አልወቅስም። ደክመሻል። ሰኞ ኅዳር 16 ትሄዳለች። መታወቂያዋንና ሁለት ቅያሪ ልብስ አዘጋጂላት፤ ደግነት ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳል።

እንድሪያስ


ሲቀላ
ኅዳር 14 ቀን 2017

ለወንድሜ እንድሪያስ፣

ቅዳሜ ነው። ጠዋት ጉም ነበር፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። አሁን ገና አልጨለመም፤ እማማ ተኝተዋል። ደግነት እዚሁ ተቀምጦ ሙዝ እየበላ ነው፤ ሸሚዙ በቅቤ ተበላሽቷል። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ደግነት የነገረህ እውነት ነው። ያን እሑድ ከከረሙበት ሁሉ የባሰ ሆኑ። እኔም ጥፋቱን ቅቤው ላይ አድርጌ ባለፈው ቅዳሜ በንዴት ሳባ ዘንድ ሄድሁ።

"ሳባ፣ ቅቤሽ ምን ነካው?" አልኋት።

"ቅቤዬን? ትናንት የወረደ የዶኮ ቅቤ ነው። በይ ቅመሺው!"

"እናታችንን አሳበደብኝ።"

"ቅቤ ያሳበደው ሰው አላየሁም፤ ያጣው እንጂ።" አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። "ምን አደረግሽበት?"

"ራሳቸውን ቀባኋቸው።"

"ብዙ?"

"ግንባራቸው ላይ እስኪወርድ።"

"ከዚያስ?"

"ተኙ። በማግስቱ ቤት ዘግተን ተቀመጥን፤ ሲመሽ ተነሡ።"

ሳባ ሚዛኑን አስቀመጠችው። "ቀብተሽ ዘጋሽባቸው? አንቺ ሴት፣ እኛ ዘንድ እንዲያ የሚቀባው ሙሽራና አራስ ነው! ከተቀባች በኋላ ሰው መጥቶ ይዟት ገበያ ያወጣታል፤ ትዞራለች፤ ሕዝብ ያያታል፤ ይመርቃታል። ሶፌ ማለት እሱ ነው። ቤቷ ገብታ የምታርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ቀብተሽ ካስቀመጥሽ በኋላ የሚወስድ ሰው ካልመጣ ምን ያድርጉ? አንቺ ብትሆኚ በሩን አትሰብሪም?"

የድንች ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥሁ። "ሰው አይመጣም ወይ? ቀኑ መሸ እኮ!" እያሉ ስንት ወር ነገሩን!

ከሳባ ጎን ጋቢ የሚሸጡ አሞጽ የሚባሉ አረጋዊ ሸማኔ አሉ። የማንን እናት እንደምል ጠየቁኝ፤ በለጥሽ ስላቸው ጋቢውን ከእጃቸው አስቀመጡት። አባትህን ያውቁት ኖሯል። አባትህ ለጥጥ እርሻው ሥራ ወደ ቆላ ሲወርድ እማማ አንተን አርግዘው ነበር። ተክለወልድን ደጋ ወልደው ሶፌያቸው በወጉ ተደርጎላቸዋል። አንተን ግን እዚሁ ቆላ ወለዱ። አባትህ ወደ ዶኮ ወስዶ ሊያወጣቸው ቀን ቆርጦ፣ እማማም ተቀብተው ሲጠብቁ፣ በዚያው ቀን አባትህን ወባ ጣለው። እሱ ሲነሣ ደግሞ የሥራው ጊዜ ደረሰ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። እማማ ተቀብተው እንደ ተቀመጡ ቀሩ ማለት ነው።

"ታዲያ አሁን ባወጣቸው በወጋችሁ መቀለድ አይሆንብኝም?" አልኋቸው። "ሰማንያ ዓመታቸው ነው።"

አሞጽ አሰቡ። "ያልወጣች አራስ ከሆነች ትውጣ" አሉኝ። "ዕድሜሽ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ገበያ የለም።"

ለአንተ ልጽፍልህ ብዕር አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ሳላየው ሁለተኛ ተስፋ ልሰጥህ አልፈለግሁም።

ዛሬ ጠዋት አጠብናቸው፤ ነጭ አለበስናቸው፤ ሳባ ቤት ድረስ መጥታ በራሷ እጅ ቀባቻቸው። "አንቺማ ወጥ ነው የሠራሽባቸው፤ እንዲህ ነው የሚቀባው" እያለች ለእኔም አሳየችኝ። አሞጽ እርጥብ ሣር ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እማማ ሣሩንና ሽማግሌውን ሲያዩ ተነሥተው እጃቸውን ሰጡን። ለስንት ወር ከዚህ በር ጋር ሲደባደቡ የነበሩ ሴት ደፍ ላይ ደርሰው "ቀስ በሉ፤ አትገፍትሩኝ" አሉን።

በዚህ መሐል ደግነት ለሰኞው ጉዞ መታወቂያቸውን ሊወስድ ባጃጅ ይዞ ደረሰ። "እቴ ሻሺቱ፣ ወዴት ልትወስጂያቸው ነው? እንድሪያስ ምን ይለኛል?" ብሎ ፊታችን ቆመ። እማማ ከላይ እስከ ታች አዩትና በእጁ የያዘውን ጃንጥላ ጠቆሙ። "ዘርጋው፤ ፀሐዩ ቅቤዬን ያቀልጥብኛል።" ምን ያድርግ? ዘረጋው። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ጃንጥላ ያዢው እሱ ሆነ።

ገበያው ሞልቶ ነበር። አሞጽ ከፊት፣ እኔና ሳባ ግራና ቀኝ። እኔ በግራ ልዞር ስል እማማ ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ "በቀኝ! በቀኝ ነው!" አሉ። በነጭ ሽንኩርቱ በኩል ስናልፍ የደጋ ሴቶች አንድ በአንድ ተነሡ። የሚሸጡትን ትተው እልል አሉ። አንዷ የሙዝ ነጋዴ፣ የእኔው ጎረቤት፣ "ማን ተዳረ?" ብላ ጮኸች።

"አራስ ናቸው" አሏት አሞጽ።

"እኒህ?"

"እኒህ።"

"እልልልል!" አለች እሷም፤ ጥያቄ አላበዛችም።

እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰውን ሁሉ በዓይናቸው ሰላም ይላሉ። አንዲት ድንች ሻጭ ጉልበታቸውን ስማ "ወንድ ነው ሴት?" አለቻቸው።

"ወንድ ነው" አሉ።

"ማን አላችሁት?"

ስትጠይቀኝ ያልመለስሁልህ ነገር ይህ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ስምህን አልጠሩም ነበር። እማማ ጃንጥላውን ወደ ያዘው ወደ ደግነት ዞሩ፣ እንደ ገና ወደ ሴትዮዋ ተመለሱና፣

"እንድሪያስ" አሏት። "እንድሪያስ ነው ያልነው። ይደግልኝ በሉት።"

ሴቶቹ ከበው "ይደግ!" አሉህ። አሞጽ ከሣሩ ጥቂት ነጭተው በእማማ እጅ ላይ አኖሩ። ደግነት በዚህ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ይቀዳ ነበር፤ የሚታየው ግማሹ ጃንጥላ ነው፤ ድምፁ ግን ይሰማል።

ቤት ስንመለስ ጀንበሯ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። በሩን አልዘጋሁትም። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መንገዱን አዩ፤ ሙዝ በሉ፤ "ደከመኝ፤ ስንት ሰው ነበር!" ብለው ገብተው ተኙ።

ሰኞ ምን ይደረግ? አንተ ተናገር።

ሻሺቱ


ፕሪቶሪያ አጠገብ
ኅዳር 15 ቀን 2017

እቴ፣ እናቴን የሰጠሽኝ እቴ ሻሺቱ፣

እግዚአብሔር እድሜሽን ያርዝመው፤ እግርሽ እንቅፋት አይምታው። ትኬቱን ሰርዣለሁ። አዲስ አበባ ላይ የተያዘውንም አልጋ ለሌላ ለሚፈልግ ይስጡት ብያለሁ። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ሌላውን በሰላም እንድታነቢው ነው።

ደግነት የላከውን ስሰማ ሱቅ ውስጥ ነበርሁ። ዘይት የሚገዛ ሰው በፍርግርጉ በኩል "ወንድም፣ መልሴን!" ይለኛል፤ እኔ "ይደግ!" የሚለውን አራተኛ ጊዜ እያጫወትሁ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬ ሸብቷል። ለእኔ ተቀብታ ስትጠብቅ እንደ ቀረች አላውቅም ነበር። አባቴም አልነገረኝም። ምናልባት እሱም አፍሮ ይሆናል።

እኔም ያልጻፍሁልሽ ነገር ነበረ። ወደ መጦሪያው ትሂድ ያልሁት ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ስሜን እንደ ረሳችው ጠርጥሬ ነበር፤ ከረሳችኝ ደግሞ ማንም ቢይዛት አንድ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ዛሬ ከአፏ ሰማሁት። ሌላ ምን ልጨምር?

ለዚያች ዳቦ ገዢ ነገርኋት። "ገበያ መሐል?" አለች። "አዎ፣ ገበያ መሐል።" "የእኛዎቹንስ ማን ያወጣቸዋል?" ብላ ዳቦዋን ጥላ ልትሄድ ነበር፤ ጠርቼ ሰጠኋት።

ነገ እንደ ገና ትነሣ ይሆናል፤ ሴትዮዋም ያንን አስጠንቅቃኛለች። ብትነሣም አትደንግጪ፤ እኔም አልደነግጥም። አሞጽን፣ ሳባን በስሜ ሳሚልኝ። ለደግነት ሸሚዝ በሰው እልካለሁ፤ የቅቤው ዕዳ የእኔ ነው።

ልጅሽም ወንድምሽም የሆንሁ እንድሪያስ


ሲቀላ
ኅዳር 16 ቀን 2017

ለወንድሜ እንድሪያስ፣

ሰኞ ነው፤ ነፋሱ ከሐይቁ ይነፍሳል፤ ዝናብ የለም። ቤት ያለነው እማማ፣ ኢያኤልና እኔ ነን። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ በላያችን ሲያልፍ እማማ ቀና ብለው አዩት፤ "ይህ ደግሞ ወዴት ይሄዳል?" አሉ። "አዲስ አበባ" አልኋቸው። "ይሂድ" አሉ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የሙዙ ዘለላ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ከጥቅምት ጀምሮ የያዝሁት ትንፋሽ ነው የወጣው። ያልኸውም ደርሷል። ዛሬ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። አልያዝኋቸውም። ነጠላቸውን አልብሼ፣ ጸጉራቸውን በትንሽ ቅቤ ዳብሼ፣ ክንዳቸውን ይዤ ሙዝ ወደምሸጥበት ቦታ ወሰድኋቸው። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከገበያ የሚመለሱ የደጋ ሴቶች አወቋቸው፤ አንድ በአንድ ሰላም አሏቸው። ኢያኤል "አያቴ ከእናቴ የበለጠ ደንበኛ አላት" ትላለች። ሲመሽ "ቤት እንግባ" ያሉት ራሳቸው ናቸው። ከእንግዲህ ማታ ማታ እንዲሁ እናደርጋለን።

ይህን ትናንት ጀምሬ ሳልጨርሰው ተኛሁ። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ያደረግሁትን ጨምሬ ልላከው። ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። የእማማን ፊት አጠብሁ፤ ቅዳሜ የያዙት ሣር ትራሳቸው ሥር ደርቆ አገኘሁት፤ አልጣልሁትም። ገንፎ አበላኋቸው። ከዚያ ጓጉንቸሩን ከበሩ ላይ ፈታሁና ቁልፉን ጨምሬ በመሐረብ ጠቀለልሁት። ሳባ መናኸሪያው አጠገብ የተከራየችው ክፍል ሄድሁ፤ የቅቤ ማስቀመጫ ሣጥኗ መዝጊያ የለውም ስትል ሰምቼ ነበር። ሰጠኋት። ሞከረችው፤ ገጠመ። በምትኩ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ይዤው ተመለስሁ። በሩ እንደ ተውሁት ወለል ብሎ ነበር፤ እማማ ደፉ ላይ ተቀምጠው ከኢያኤል ጋር ጥጥ ይፈለቅቃሉ። በርጩማቸውን አንሥቼ በአንድ እጄ፣ እሳቸውን በሌላው እጄ ይዤ ሙዙን ልደረድር ወጣሁ።